ባንዲት 1200፣ አንድ ጠርሙስ አዲቲቭ እና የሚንሸራተት ፍሪሲዮን

ማርች፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ሱዙኪ ባንዲት 1200 ናት። እ.ኤ.አ. የ2001 ሞዴል፣ 1157 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር ጎን ለጎን፣ አራት ካርቡሬተር፣ ወደ 100 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት። እዚህ ፍራንክፈርት ከአንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ነው የገዛኋት። ሰውዬው ጥንቁቅ ናቸው፤ ደረሰኙን ሁሉ በየቀኑ ለይተው አስረው አስቀምጠዋል። ታርጋዋ የወቅት ታርጋ ነው፤ መንገድ ላይ መውጣት የሚፈቀድላት ከማርች እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ተኝታ ከርማ በወጉ የነዳኋት ዛሬ ነው።

ትነሳለች። ድምፅዋ ያምራል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ምንም አትልም። አምስተኛ ማርሽ ላይ ግን (ከዚያ በላይ ማርሽ የላትም) በ4,000 ዙር አካባቢ ጋዙን ጥርግ አድርጌ ስከፍተው የዙር መለኪያው መርፌ ብድግ ይላል፤ ፍጥነቷ እዚያው ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። ፍሪሲዮኑ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሾቹ የሚያሳልፈው ክፍል፣ እየተንሸራተተ ነው።

ሰውዬው ከቁልፉ ጋር አብረው የሰጡኝ ነገር አለ፤ ግማሹ ያለቀ የአዲቲቭ ጠርሙስ፣ ማለትም ዘይት ላይ የሚጨመር ቅመም። “ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ጨምሬላታለሁ፤ አንተም እንዳትረሳ” ነበር ያሉኝ። ከልባቸው ነው የነገሩኝ። ጠርሙሱ ላይ የመኪና ሥዕል አለ። “ሰበቃን ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለቤንዚንና ለናፍጣ ሞተር” ይላል። ስለ ሞተር ሳይክል አንዲት ቃል የለም።

እንግዲህ ጥርጣሬው ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ግን ፍሪሲዮን በብዙ ምክንያት ይንሸራተታል። ሸራው ሲያልቅ፣ ሞላው ሲደክም፣ ብረት ዲስኩ ሲጣመም፣ እጀታው ላይ ያለው ሃይድሮሊክ መመለስ ሲያቅተው። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በየተራ እየለየሁ ለመሄድ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀየርኩማ ጥፋተኛው ማን እንደነበር ሳላውቅ እቀራለሁ።

እሑድ፣ እጄን ሳላቆሽሽ

ከመኪና ወደ ሞተር ሳይክል የመጣ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ማንዋል መኪና ላይ የሞተሩ ዘይት ለሞተሩ ብቻ ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) የራሱ ዘይት አለው። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፤ እንዲያውም ዘይት ከነካው ችግር ነው። አብዛኛው የጃፓን ሞተር ሳይክል ላይ ግን ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ከላይ በመሙያው የምታፈሰው ነገር ሦስቱም ጋ ይደርሳል።

ባንዲቷ ላይ ደግሞ አራተኛ ሥራ አለ። ሞተሯ በውሃ አይቀዘቅዝም። ሱዙኪ በ1985 ጂኤስኤክስ-አር 750 ላይ ያወጣው የዘይት ማቀዝቀዣ ዘዴ ነው ያላት። ፓምፑ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ክፍል ዘይቱን እንደማንኛውም ሞተር ወደ ኩሽኔታውና ወደ ካምሻፍቱ ይገፋል። ሌላው ብዙ ዘይት በአነስተኛ ግፊት ወደ ቴስታታው ልኮ ነዳጁ የሚቃጠልበትን ክፍል ከላይ ያጥበዋል። ከፒስተኖቹ ሥር ደግሞ ዘይት የሚረጩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። ከዚያ ሁሉም ፊት ለፊት ባለው የዘይት ራዲያተር አልፎ ይመለሳል። ያንን ዘይት ስታስብ፣ የሆነ ጠጣር ዱቄት የተበጠበጠበት ጠርሙስ ውስጡ ለመገልበጥ እጅ ይከብዳል።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ። ሸራ የለበሱ ዲስኮችና ባዶ ብረት ዲስኮች ተፈራርቀው ተደርድረዋል። ሸራዎቹ ከሞተሩ ጋር ይዞራሉ፣ ብረቶቹ ከካምቢዮው ጋር። ሞላ ከላይ ይጫናቸዋል። ሲጣበቁ ጉልበቱ ወደ ጎማው ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ስለዚህ ከዚያው ዘይት ሁለት የማይጣጣሙ ነገሮች ይጠበቃሉ። ፒስተኑ ጋ ሲደርስ ማንሸራተት፣ ፍሪሲዮኑ ጋ ሲደርስ እንዲይዝ መተው።

የመኪና ዘይት አምራቾች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም ማብዛት ሲጀምሩ የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮኖች መንሸራተት አመጡ። ጃፓኖች በ1998 ጃሶ ቲ 903 የተባለውን መለኪያ ያወጡት ለዚህ ነው። ዘይቱን ከፍሪሲዮን ዲስክ ጋር መሣሪያ ላይ ያሽከረክሩታል። እየተንሸራተተ ሳለ ስንት ይይዛል፣ ቆሞ ሳለ ስንት ይይዛል፣ ለማቆም ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፤ እነዚህን ሦስቱን ይለካሉ። በደንብ የሚይዘው ኤምኤ ይባላል። የሚያንሸራትተው ኤምቢ ነው፤ እሱ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልሆነ ስኩተሮች ነው። በኋላ ኤምኤ ራሱ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፈለ፤ ኤምኤ2 ይበልጥ የሚይዘው ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ምርመራ የሚደረገው ከፋብሪካ በወጣው ዘይት ላይ ነው። አንድ ሰው ቤቱ ጠርሙስ ከጨመረበት በኋላ ዕቃው ላይ ያለው የኤምኤ ማኅተም ስለ ምን እንደሚመሰክር እንጃ።

ሰኞ ማታ

የሃይድሮሊኩን ነገር አየሁ። ፈሳሹ ጠቁሯል፣ ቀየርኩት። እጀታው ሲለቀቅ ጫፉ ላይ ትንሽ ነፃ እንቅስቃሴ አለ፣ ይመለሳል። መንሸራተቱ እንዳለ ነው። ይህ ከዝርዝሩ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ዘይቱን ማውረድ

ሞተሩን በደንብ አሙቄ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታሁ። መጀመሪያ የሚወርደው ዝቃጭ ነው፣ ለቀቅኩት። መሐል ላይ ሲደርስ በንጹሕ ብልቃጥ ናሙና ወሰድኩ። ባየርን ውስጥ ያገለገለ ዘይት የሚመረምር ላብራቶሪ አለ፤ ብልቃጡን በፖስታ ትልክለታለህ፣ ዘይቱ ውስጥ ምን ብረት ምን ያህል እንዳለ በወረቀት ይመልስልሃል። በአውሮፕላንና በትልልቅ የጭነት መኪና ድርጅት የቆየ አሠራር ነው። ለአንድ ሞተር ሳይክል ቅንጦት ይመስላል፤ ከሚጨመሩት ጠርሙሶች ዋጋ ግን አይበልጥም የሚሉ ሰዎች አሉ። ልክ ናቸው።

ዘይቱ ግራጫ የጠገበ ጥቁር ነው። ጣቴ ላይ ሳሸው እርሳስ የነካሁ ይመስል የሚያብለጨልጭ ቀለም ተወልኝ። ይህ የሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ምልክት ነው። እንደ ግራፋይት ንብርብር ሆኖ እርስ በርሱ የሚንሸራተት ጠጣር ዱቄት ነው። ጀርመን አገር የታወቀ ነው፤ ኡልም የሚገኘው ሊኪ ሞሊ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፣ ድርጅቱ በ1957 ሲመሠረት የሚሸጠው ይህንኑ ነበር። የሰውዬው ጠርሙስ የሌላ ድርጅት ነው፤ ዓይነቱ ግን ያው ነው።

አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ 10ደብሊው-40 ዘይት (ቁጥሩ የውፍረቱ ደረጃ ነው)፣ ጃሶ ኤምኤ2። ውድ አይደለም። ይህኛው ለማጠቢያ ነው፤ ጥቂት ተነድቶ ይወርዳል።

አሮጌውን ዘይት ወደ ገዛሁበት ሱቅ መለስኩ። እዚህ አገር ዘይት የሚሸጥ ሰው የሸጠውን ያህል አሮጌ ዘይት በነፃ የመቀበል ግዴታ አለበት፤ ደረሰኙን ይዞ መሄድ ነው።

እዚያው ሱቅ ቆሜ መደርደሪያውን አየሁ። አንድ ሙሉ ግድግዳ አዲቲቭ ነው። በየዓይነቱ ላስቀምጠው፣ ብዙ ሰው አንድ ነገር ስለሚመስለው።

ማወፈሪያ አለ። “ዘይት ማረጋጊያ” ይሉታል። ወፍራም ፖሊመር ነው። ያረጀ ሞተር ላይ ድምፅ ይቀንሳል፣ ጭስ ይቀንሳል፣ የዘይት ግፊት ከፍ ያደርጋል። ያለቀውን ነገር አይመልስም፤ ይሸፍነዋል። መኪና ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሞተር ሳይክል ላይ ሌላም ነገር አለ፦ የካምቢዮው ጥርሶች እንዲህ ያሉትን ረጃጅም ሞለኪውሎች ይቆራርጧቸዋል፤ ውፍረቱ ብዙ አይቆይም። 10ደብሊው-40 ራሱ ሞተር ሳይክል ውስጥ ከመኪና ይልቅ ቶሎ የሚቀጥነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማጠቢያ አለ፤ ዘይት ከመቀየር በፊት ጨምረህ ሞተሩን በቆመበት አስነስተህ የምታወርደው። ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት አለ። ፒቲኤፍኢ ያለበት አለ፣ ያው የማይጣበቅ መጥበሻ ላይ የሚቀባው። ሞሊብዲነም ዱቄት ያለበት አለ፤ በዘይት የሚሟሟ ሞሊብዲነም ያለበትም አለ። ሴራሚክ የሚልም አለ። ለነዳጅ የሚጨመረው ጨርሶ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ካርቡሬተር የሚያጸዳውን እኔም እጠቀማለሁ፣ እሱ ፍሪሲዮን ጋ አይደርስም።

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ጋር

የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ጋራዥ አለው። ይበልጠኛል፣ አይምረኝም። ቪዲዮ ላኩለት፣ የመርፌዋን መዝለል አየ።

“አንተ ልጅ፣ ፈረንጅ አገር ሄደህ ፍሪሲዮን መክፈት ረሳህ?” አለኝ።

“መጀመሪያ ዘይቱን ልይ ብዬ ነው።”

“ዘይቱ ምን አደረገህ? ፍሪሲዮን ሲያልቅ ያልቃል። ክፈተውና እየው።”

ስለ ጠርሙሱ ስነግረው ግን ዝም አለ። ደንበኞች ገዝተው ይዘውለት እንደሚመጡ፣ “ጨምርልኝ” እንደሚሉት ነገረኝ። መኪና ከሆነ ይጨምርላቸዋል። “ብሩ የሱ ነው፣ ሞተሩም የሱ ነው” አለ። ቦክሰር ይዞ የመጣ ልጅ ሲጠይቀው ግን እምቢ ይላል። እነዚያ በየከተማው የሚርመሰመሱት የባጃጅ ቦክሰሮች የሚይዙት አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው፤ ፍሪሲዮናቸውም እንደ ባንዲቷ እዚያው ዘይት ውስጥ ነው። ለአራት ወይም ለአምስት ሊትር የታሰበ የመኪና ጠርሙስ አንድ ሊትር ውስጥ ሲገለበጥ ምን ያህል እንደሚበረታ አስቡት።

በዚህ አንድ ነን። በሌላው ግን አልተስማማንም። እሱ “ሁሉም ሌብነት ነው” ይላል። እኔ እንዲያ አልልም። ዘይት ራሱ እኮ አዲቲቭ አለበት። ጥሩ የሞተር ዘይት ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ዘይት አይደለም፤ ካርቦን የሚያጥብ ካልሲየም ነው፣ ጥላሸቱን አንሳፎ የሚይዝ ነው፣ አረፋ የሚከለክል ነው፣ ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚያደርግ ፖሊመር ነው፣ ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚከላከል የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ ነው። ይህ የመጨረሻው ግሩም ነገር ነው። ብረትና ብረት ተፋጭተው ሲሞቁ እዚያው ቦታ ላይ መስታወት የመሰለ እጅግ ቀጭን ሽፋን ይሠራል። ከብረቱ ፈንታ የሚበላው ያ ሽፋን ነው፤ ሲበላ እንደገና ይሠራል።

ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ አብሮ ተመዝኖ የገባ ነው። እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ኮረሪማውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በሶብላውን በልኩ አድርጋ አስፈጭታ ከላከችልኝ በኋላ እኔ ከሱቅ የገዛሁትን ቅመም እፍኝ ብጨምርበት ወጡ የኔ ይሆናል፣ የሷ አይደለም። ጃሶ ለምሳሌ ፎስፈረሱ ከ0.08 እስከ 0.12 በመቶ መሐል እንዲሆን ያዛል። ለአዲስ መኪና የሚሸጡት ቀጫጭን ዘይቶች ፎስፈረሳቸው ከ0.08 እንዳይበልጥ ተገድቧል፣ ማርሚታው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ እንዳያበላሽ። “ዘይት ላይ ዚንኩን ቀንሰውታል፣ ጠርሙስ ጨምር” የሚለው ምክር የመጣው ከዚያ ነው፤ ለድሮ መኪና ባለቤት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። በሞተር ሳይክል ዘይት ለሚሄድ ሰው ግን የሚፈልገው እዚያው ውስጥ አለለት።

ቅዳሜ፣ ወደ ፌልድበርግ

ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ታውኑስ ተራራ ላይ ግሮሰር ፌልድበርግ የሚባል 880 ሜትር ገደማ ከፍታ አለ። የዚህ አካባቢ ሞተረኛ ሁሉ እሑድ እሑድ እዚያ ነው። ኑሯቸው መንገዱ ዳር የሆነ ሰዎች ድምፁ መሯቸዋል፤ እውነት አላቸው።

ቁልቁለቱ አይጠቅመኝም፣ ዳገቱን ነው የፈለግኩት። አምስተኛ ማርሽ፣ ዳገት፣ ጋዝ። በአሮጌው ዘይት ይህን ብታደርግ ወዲያው ትለቅ ነበር። አሁን ትይዛለች፣ ትይዛለች፣ ከዚያ ጉልበቱ ጫፍ ሲደርስ ትለቃለች። ተሻሽሏል፤ አልዳነም።

ማጠቢያውን ዘይት አወረድኩት። እሱም ግራጫ ሆኗል፣ ግን የፊተኛውን አያህልም። እንደገና አዲስ ኤምኤ2 ሞላሁ። ነዳሁ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያን ያህል አይደለም።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ዘይት ቀየርኩ፣ ተሻለው፣ ጥፋተኛው አዲቲቩ ነው ብሎ መዝጋት። ብዙ ወሬ እንዲህ ነው የሚጻፈው። ግን የቀረው መንሸራተት ከየት ነው?

ኤፕሪል፣ ዝናብ ስለነበረ ያነበብኩት

ሞተሩን የሚያጠነክር ጠርሙስ ማስታወቂያ ያየ ሰው ያንን ትርዒት አይቶታል። የሚሽከረከር የብረት ቀለበት ላይ አንድ ብረት በዘንግ ይጫናል። ተራ ዘይት ሲሆን ወዲያው ይንጫጫል፣ ይቆማል። ከጠርሙሱ ጠብ ሲደረግበት ሰውዬው በሙሉ ክብደቱ ቢንጠለጠልም አይቆምም። ያስደንቃል። መሣሪያው ግን የሚለካው እጅግ ከባድ ጫናን ነው፤ ለማርሽ ቅባት የሚሆን መለኪያ። ሞተር ውስጥ ያሉ ኩሽኔታዎች የሚሠሩት ብረቱ ብረቱን ሳይነካ በዘይት ላይ ተንሳፎ ነው። ክሎሪን ያለበት ውህድ ያንን ትርዒት በቀላሉ ያሸንፋል። ሞተር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ ክሎሪን ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ሆኖ አሲድ ሊሆን ይችላል።

ፒቲኤፍኢው የራሱ ታሪክ አለው። ስሊክ 50 በአሜሪካ በጣም የተሸጠ ጠርሙስ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1996 ማስታወቂያው ማስረጃ የለውም ብሎ ከሰሰ፤ በ1997 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፣ ድርጅቱም ያንን ዓይነት አባባል ያለ ማስረጃ እንዳይደግም ታዘዘ። ዱራ ሉብም ዚማክስም ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ ምክንያት ከዚሁ ኮሚሽን ጋር ተካሰው ተስማምተዋል። ጉዳዩ የነበረው “መርዝ ነው” የሚል አይደለም። “ይህን ያህል ይቀንሳል፣ ይህን ያህል ያድናል ትላላችሁ፤ በምን አወቃችሁ?” ነው። መደርደሪያ ፊት የሚቆም ሰውም ሊጠይቅ የሚገባው እሱኑ ነው።

ሰንበት ዋዜማ፣ ክዳኑ ተከፈተ

የባንዲቷ ፍሪሲዮን በቀኝ በኩል ነው። ወደ ግራ በጎን ማቆሚያዋ ስትጋደም ዘይቱ ወደ ማዶ ስለሚሄድ ሳይወርድ መክፈት ይቻላል። ጨርቅ ዘርጉ፣ ጥቂት ይንጠባጠባል። ጓርኒሲዮኑ፣ ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባው፣ ግን አይተርፍም፤ አዲስ ሳትይዙ አትጀምሩ። ድሮውን ፍቆ ማንሳት ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ነበር። አሉሚኒየሙን እንዳልጭረው በፕላስቲክ ነው የፋቅኩት።

ብሎኖቹ ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ የክዳኑን ቅርጽ ሥዬ እያንዳንዱን በቦታው ሰካሁት።

ዲስኮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሸራዎቹን በካሊፐር ለካኋቸው፤ ሁሉም መመሪያው ከሚለው ዝቅተኛ ልክ በላይ ናቸው። አላለቁም ማለት ነው፤ የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ተሸነፈ። ፊታቸው ግን ያብለጨልጫል። በጣት ሲነኩ ልሙጥ ናቸው። ብረት ዲስኮቹ ላይ ጥቂት ቦታ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ፤ ተንሸራትተው ግለው ያውቃሉ። መስታወት ላይ አጋድሜ በቀጭን የክፍተት መለኪያ ቅጠል ሞከርኳቸው፤ አልተጣመሙም። ዲስኮቹን የሚይዘው ቅርጫት ላይ ጆሯቸው የሚገባበት ቦታ ትንሽ ተበልቷል፤ በጥሩ ሞረድ አስተካከልኩት።

ቀረ ሞላው። ባንዲቷ ላይ እንደ ሰሃን ጎበጥ ያለ ሞላ ነው የሚጫነው። ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል፤ አሮጌው ተኝቷል። ከሃያ ዓመት በላይ ሲጨመቅ ለኖረ ብረት ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ስለዚህ አሁን ሁለት ተጠርጣሪ አለ። ልሙጥ የሆነ ሸራ፣ የደከመ ሞላ። ሁለቱንም ዛሬ ብቀይር ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ያኔ ምንም አላወቅኩም ማለት ነው። የቀየርኩት ሞላውን ብቻ ነው፤ ትንሽ ጠንከር ያለ የሌላ አምራች ሞላ። ብረት ዲስኮቹን በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አጥቤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ክብ ክብ እያልኩ አሸሁ፤ ብልጭታው ጠፋ። ሸራዎቹን ግን አልነካኋቸውም። ሞሊብዲነሙን የጠጡት እነሱ ናቸው፤ እንዳሉ ተመለሱ።

በማግስቱ

ትይዛለች።

አምስተኛ ማርሽ፣ ዳገት፣ ከ3,000 ጀምሮ እስከ ላይ። መርፌውና ጎማው አብረው ይወጣሉ። እጀታው ትንሽ ከበደ፣ ከተማ ውስጥ በትራፊክ መሐል ግራ እጅ ያውቀዋል። አውቶባን ላይ ወጥቼ ደጋግሜ ከፈትኳት። ምንም።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው። አዲቲቩ ብቻውን ፍሪሲዮኑን አላንሸራተተውም። ሞላው ደህና በነበረበት ዘመን ሰውዬው ጠርሙሱን እየጨመሩ ዓመታት ነድተዋል፣ ችግር አላዩም። ፍሪሲዮን ሲሠራ ከሞተሩ ጉልበት በላይ እንዲይዝ ትርፍ ተሰጥቶት ነው። ሞላው እያረጀ ከዚያ ትርፍ ቆረሰ። ሸራው ልሙጥ ሆኖ ሌላ ቆረሰ። ሁለቱ ሲገናኙ ትርፉ አለቀ። ዘይት ስቀይር የተሻለው፣ ሞላ ስቀይር የዳነው ለዚህ ይመስለኛል። “ለሃያ ዓመት ጨምሬ ምንም አልሆነም” የሚለውም ሰው፣ “አንድ ጊዜ ጨምሬ ፍሪሲዮኔ ሄደ” የሚለውም ሰው እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የያዙት ትርፍ ነው የተለያየው።

ያም ሆኖ ጠርሙሱ ምን ጠቀማት? ጥቅሙንና ጉዳቱን የምመዝንበት ሚዛን ላይ በጥቅሙ በኩል የሚቀመጥ ነገር አላገኘሁለትም።

ሜይ

የላብራቶሪው ወረቀት መጣ፤ የመጀመሪያው ናሙና ነው። ሞሊብዲነሙ አዲሱ ዘይት ውስጥ ካለው ጋር የሚወዳደር አይደለም፣ እጅግ ብዙ ነው። ሲሊከን አነስተኛ ነው፤ አየር ማጣሪያው አቧራ አያሳልፍም ማለት ነው። ብረትና መዳብ በመጠኑ። አሉሚኒየም ትንሽ ከፍ ብሏል፤ ከተበላው ቅርጫት ሳይሆን አይቀርም። ውፍረቱ ከ40 ወደ 30 ክፍል ወርዷል፤ ካምቢዮው ሥራውን ሠርቷል።

ወረቀቱን ይዞ “ይኸው ሞሊብዲነም!” ማለት ያምራል። ግን ተጠንቀቁ። አንዳንድ ኤምኤ2 ዘይቶችም ጥቂት ሞሊብዲነም አላቸው፣ ተፈትነው ያለፉ ናቸው፣ ይይዛሉ። ምርመራው የሚቆጥረው ንጥረ ነገሩን እንጂ በምን ዓይነት ውህድ እንደገባ አይደለም። ለእርጥብ ፍሪሲዮን ይሆናል ተብሎ ለሞተር ሳይክል ለብቻው የሚሸጥ አዲቲቭም ገበያ ላይ አለ። የኔ ክርክር ከሥዕሉ ጋር ነው፤ መኪና የተሣለበት ጠርሙስ የመኪና ነው።

አብሮኝ የሚነዳ አንድ የአገሬ ልጅ ቢኤምደብሊው አር 1150 ጂኤስ አለው። እሱ ሁሌም ይጨምራል፣ በኔ ነገርም ይስቃል። መሳቅ ይችላል። የሱ ሞተር ፍሪሲዮኑ እንደ መኪና ደረቅ ነው፤ ካምቢዮው ሌላ ዘይት፣ የኋላው መንጃም ሌላ ዘይት። ሞተሩ ውስጥ የሚያፈሰው እዚያው ይቀራል። እነዚህ የቢኤምደብሊው ቦክሰሮች (ከባጃጁ ጋር ስም ብቻ ነው የሚጋሩት) ላይ እርጥብ ፍሪሲዮን የመጣው ከ2013ቱ በውሃ ከሚቀዘቅዘው አር 1200 ጂኤስ ጋር ነው፤ አዲሱን ከገዛ ልማዱን ይተው ብዬዋለሁ። የትልልቆቹ ሃርሊዎች ነገርም ለየት ይላል፤ ለሞተሩ፣ ለፍሪሲዮኑና ለካምቢዮው ሦስት የተለያየ ቀዳዳ አላቸው፣ ስለዚህ ጥያቄው በየትኛው ቀዳዳ ጨመርክ የሚል ይሆናል። በአየር የሚቀዘቅዘው የቆየው ስፖርትስተር ላይ ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው አንድ ላይ ናቸው። የቆዩት ዱካቲዎች ደግሞ ግራ ያጋባሉ፤ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፣ ካምቢዮው ግን የሞተሩን ዘይት ይጠጣል።

“የኔስ ሞተር ሳይክል?” ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ባጭሩ፦ ማንዋላችሁ ላይ “የፍሪሲዮን ዘይት” ወይም “የካምቢዮ ዘይት” የሚል የራሱ ልክ ያለው መስመር ከሌለ፣ የሞተሩ ዘይት ሁሉም ጋ ይደርሳል። ዘይት ስትገዙ ከኋላ በኩል ትንሽ ሣጥን ውስጥ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚልና የምዝገባ ቁጥር ያለው ማኅተም ፈልጉ። “የጃሶን ደረጃ ያሟላል” የሚል ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የተመዘገበ ላይሆን ይችላል።

ጁን

ሁለተኛው ናሙና ሄዶ ተመለሰ። ሞሊብዲነሙ ወድቋል፤ ጨርሶ አልጠፋም። ሸራው ውስጥ የገባው በቀላሉ አይታጠብም ማለት ነው። ቀሪው ሁሉ ደህና ነው። አሉሚኒየሙ ወርዷል፣ ቅርጫቱን መሞረዴ ጠቅሟል መሰለኝ።

አዲስ የሸራ ስብስብ ገዝቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ። አሁን አላስገባውም። አሮጌው በአዲሱ ሞላ እስከየት እንደሚሄድ ማየት እፈልጋለሁ። እንደገና ከለቀቀ ከፍቼ እቀይረዋለሁ፤ ከማስገባቴ በፊት ደግሞ ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ነክሬ አሳድረዋለሁ፣ ደረቅ ሸራ ገብቶ ሲነሳ ይቃጠላል። የቫልቭ ክፍተት ማስተካከሉ ኦክቶበር ላይ ታርጋዋ ሲያበቃ ይሠራል። ግማሹ ጠርሙስ ከአሮጌው ዘይት ጋር አብሮ ሱቅ ተመልሷል።